ናርዶስ በእንግዳ ደረጃ

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነበር። ያብስራ ግን ትንሿን ልጁን ናርዶስን ገና ከቁርስ በፊት «እንግዳ» ላይ አደረጋት።

ከባድ ሥራ አይደለም። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ በአውራ ጣቱ ከ«ቤት» ወደ «እንግዳ» ገፋ አደረገው፤ መልሶ ከተተው። ያን ጊዜ ናርዶስ ወጥ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣው በር ላይ ግንባሯን አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማ ነበር። ቀስ ብላ ቀና አለች። በሩን የሙጥኝ ያሉት ጣቶቿ ወረዱና ቀሚሷ ላይ ተኙ። ዞር ብላ አባቷን ዓይን ዓይኑን እያየች ፈገግ አለች።

«እንዴት አደርክ አባዬ? ደህና አደርክ?»

«ደህና። አንቺስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ታላቅ እህቷ ኤልዳና ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ይህን አየች። የሚጠየቀው የእሷ እጅ ነው፤ ቀኑ የእሷ ነው።

«አባዬ፣ ገና በጠዋቱ? እባክህ ቤት ላይ ተዋት። ደግሞ የምነግርህ ነገር አለ፣ ናሆም እኮ...»

«ዛሬ አይሆንም።»

«ስማኝ እንጂ!»

«ኤልዳና፣ ዛሬ አይሆንም አልኩሽ። ነገ የፈለግሽውን ታወሪኛለሽ። ለማን ብዬ ይመስልሻል የምለፋው?»

ልጅቷ ፎጣዋን አጥብቃ ወደ ክፍሏ ገባች። እሱም ወንበር ሊደረድር ሄደ።

በሁለት ሺህ ሃምሳዎቹ አዳማ ውስጥ በዚህ ነገር የሚደነቅ ሰው አልነበረም። ከጆሮ ጀርባ የምትገባ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ፋብሪካው ያወጣላት ስም ረጅምና አሰልቺ ስለሆነ ማንም አይጠራውም፤ ሕዝቡ «ጨዋ» ብሏታል። «ለልጃችሁ ጨዋ አስገባችሁላት ወይ?» ይባላል፣ ስለ ክትባት የሚጠየቅ ይመስል። ኦቲዝም የሚለው ቃል ራሱ ከሰው አፍ እየጠፋ ነበር። ጨዋ የገባለት ልጅ ዓይን ያያል፣ እጁን አያርገበግብም፣ ሰው ሲሰበሰብ ጆሮውን አይደፍንም፣ ሲጠሩት አቤት ይላል። ባለሙያው ሊያስገባ ሲመጣ ቤተሰቡን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «በ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ይሁን በ‹አልሐምዱሊላህ›?» ይልና የተባለውን ሞልቶ ይሄዳል።

እንከን አይጠፋውም ታዲያ። ናርዶስና የስድስተኛ ፎቆቹ ልጅ ሊፍት ውስጥ የተገናኙ እንደሆነ ጉድ ነው። «ደህና ነህ?» «ደህና ነሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰብ ደህና?» «ደህና ናቸው፣ እናንተስ?» «ደህና፣ አንተስ ደህና ነህ?» ይቀጥላል። ሁለቱም ጨዋ ስለሆኑ ሰላምታውን ቀድሞ የሚያቋርጥ የለም። ሊፍቱ ምድር ወርዶ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘግቶ፣ ተመልሶ ሲወጣ እነሱ ገና የአክስት የአጎት ጤና ላይ ናቸው። አንድ ትልቅ ሰው ገብቶ እጃቸውን ይዞ እስኪያለያያቸው ድረስ ይህ ነው። የሕንፃው ሰው ይስቃል፤ ያብስራም አብሮ ይስቅ ነበር። ቤት ሲገባ ግን ለሚስቱ ለፌቨን አይነግራትም።

ያብስራ ክፉ አባት ነበር ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ነገሩን የሚያከብደው ይኸው ነው። ልጅ ሳለ አንድ መናገር የማይችል አጎት ነበረው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ሰው ጓዳ አስገብተው ይቆልፉበታል፤ ሳሎን ይሳቃል፣ ይበላል፤ ከጓዳ ግድግዳ የሚደበደብ ድምፅ ይመጣል፤ ማንም የሰማ አይመስልም። ናርዶስ ሦስት ዓመት ሆኗት ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ያላቸው ዕለት ያብስራ ለፌቨን «እኔ ልጄን ጓዳ አልቆልፍም» አላት። ቃሉንም ጠበቀ። ገበያ ይዟት ይወጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳታል፣ ሰው ቢገላምጠው መልሶ ይገላምጣል።

ያኔ በሥዕል ካርድ የምታስተምራት አንዲት መምህርት ነበረች። «ቃል የላትም እንጂ ቋንቋ አላት» አለችው አንድ ቀን። «እሷ የእናንተን ለመማር ስንቱን ትለፋ? እናንተም የእሷን ተማሩ እንጂ!» ተማረ። ጣቶቿ ሲርገበገቡ ደስ ብሏታል፤ በእግሯ ጣት ስትራመድ ርቧታል፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ስታንጎራጉር ተዉኝ ማለቷ ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ግንባሯን ስታስደግፍ የሆነ ቦታ አሟታል። ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ያውቅ ነበር እኮ!

ከዚያ ያ ለቅሶ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እናት ሞተው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ አልቃሾቹ ድምፃቸውን ሲያሰሙ የዐሥራ አራት ዓመቷ ናርዶስ ጆሮዋን ደፍና ትስቅ ጀመር። ሳቅ አልነበረም፤ ስትጨነቅ የሚያመልጣት ድምፅ ነው። ለድንኳኑ ሰው ግን ሳቅ ነው። ያብስራ በክንዷ ጎትቶ አወጣት። ያን ዕለት ፊቱ እንዴት እንደነደደ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው እንዴት በወደደ! የዕድሩ ሊቀመንበር ውጭ ድረስ ተከትሎት መጥቶ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «አይዞህ፣ ዘመኑ ሠልጥኗል። ጨዋ አስገባላትና ተገላገል» አለው። በወሩ አስገባላት። ሁለት ዓመት ሆነው።

ኤልዳናን ሊያገባ ላሰበው ለናሆም ቤተሰብ ስለ ናርዶስ የተነገራቸው ነገር አልነበረም። ፌቨን አንድ ሁለቴ አንስታው ነበር።

«ነገ ዘመድ ልንሆን ነው፤ ብንነግራቸው ምን አለበት?»

«ምን ብለን? በዘር ነው ወይ ቢሉኝ ምን ልል ነው? የልጅቷን ዕድል ልዝጋባት?»

ፌቨንም በዕለቱ የናርዶስን ፀጉር ከጆሮዋ ጀርባ ያለችውን እንዲሸፍን አድርጋ ሠራችላት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። መሪያቸው አቶ ጉልላት የሚባሉ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው።

«ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ!» አለ ያብስራ።

«አንቀመጥም።»

«ኧረ በሞቴ!»

«የመጣንበትን ሳንናገር፣ መልሱንም ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ጉልላት፤ ወጉ ነውና። ሰው ማርስ ላይ ችግኝ በሚያፈላበት ዘመን ሽማግሌ ሳይቀመጥ ልጅ ይጠይቃል፤ ደግ ነው።

ናርዶስ ልትቀበላቸው ወጣች። ዝቅ ብላ እያንዳንዳቸውን ሰላም አለች፤ ቤተሰብ ጠየቀች፤ መንገዱ አደከማችሁ ወይ አለች። አቶ ጉልላት እጇን ይዘው ትንሽ ቆዩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ፣ በጣም ደህና ነኝ።»

ያብስራ ከጎን ቆሞ ነበርና የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ ችፍ ማለቱን አየ። አዳማ ይሞቃል፤ ግን ቤቱ በአየር ማቀዝቀዣ ቀዝቅዟል፤ ሌላ ያላበው ሰው የለም። ፊቷም አመድ መስሏል።  «አንዴ መጣሁ» ብሎ ተከትሏት ወጥ ቤት ገባ።

«ናርዲ፣ ያመመሽ ነገር አለ?»

«የለም አባዬ፣ ደህና ነኝ። አታስብ።»

ይህን ያለው ማን እንደሆነ ያብስራ ያውቃል። ጠዋት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተደግፋ የነበረችው ልጅ አይደለችም ያለችው። ስልኩን አወጣ። አውራ ጣቱን «እንግዳ» የሚለው ላይ አሳረፈ። ወደ «ቤት» ቢመልሰው በአንዲት ቅጽበት ሰውነቷ ይነግረዋል። ግን ከነገረውስ? ብትጮህስ? መሬት ብትንከባለልስ? ከሳሎን አንዱ ሽማግሌ «የልጅቷ አባት የት ገቡ?» ሲሉ ተሰማ።

ያብስራ ስልኩን ኪሱ ከተተው። ለልጁም «ትንሽ ቻይው፣ አሁን ይሄዳሉ» አላት።

«እሺ አባዬ» አለች፣ ፈገግ ብላ።

ይኸው ነው እንግዲህ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ሳሎን ሲመለስ አቶ ጉልላት ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «ልጃችሁን ኤልዳናን ለልጃችን ለናሆም...» አሉ፤ ያብስራ ግማሹን አልሰማም። ተራው ሲደርስ ለወጉ ያህል ትንሽ አንገራገረና ፈቀደ። እልል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ምግብ ቀረበ።

ናርዶስን አጠገባቸው ያስቀመጧት አቶ ጉልላት ናቸው። ጠቅልለው ወደ አፏ ዘረጉ።

«አይ፣ በቃኝ አባባ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ በልቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«አሁንስ አስቀየምሽኝ! አንድ ብቻ!»

ጎረሰች። ጨዋ ሁለቴ እምቢ ብሎ በሦስተኛው እሺ ይላል፤ እንደዚያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህች ልጅ ሁለት ዓይነት ምግብ የነካካ ማንኪያ የማታስጠጋ፣ የሰው ጣት ከንፈሯን ቢነካት ቀኑን ሙሉ አፏን የምትጠርግ ልጅ ነበረች። አላመጠች፤ ዋጠች፤ አመሰገነች። «አንዱን ብቻማ አይሆንም» ብለው ደገሟት። እሱንም ዋጠች። ያብስራ የራሱን ሰሐን እያየ ነበር።

ከዚያ ናርዶስ ቀስ ብላ ተነሳች። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንዴ ልነሳ» አለች። ሁለት እርምጃ ተራምዳ፣ ልብስ ከገመድ ላይ እንደሚወርድ፣ ድምፅ ሳታሰማ መሬት ላይ ወረደች። ኤልዳና ጮኸች። ሁሉም ተነሳ። ናርዶስ ወለሉ ላይ በጎኗ ተኝታ፣ ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ከላይ የከበቧትን ሰዎች ተራ በተራ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች።

«ደህና ነኝ፣ አትቸገሩ» አለች። «ብሉ እንጂ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

ሆስፒታል ሽማግሌዎቹም አብረው ሄዱ። በወጋችን የታመመ ትቶ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ ናሆምም ተጠርቶ መጣ፤ ክፍሉ በር ላይ ሁሉም ተደርድረው ቆሙ። ያብስራን የከነከነው ይህ ነበር፤ ልጁ አልጋ ላይ ተጋድማ እሱ የበሩን መከፈት ያስባል።

ዶክተር ቤዛ የምትባል ወጣት ሐኪም የናርዶስን ሆድ ጫን አለች።

«እዚህ ጋ ያምሻል?»

«አያምም፣ አመሰግናለሁ።»

«እዚህስ?»

«አያምም። እርስዎ ደህና ነዎት?»

ዶክተሯ እጇን አነሳች። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል። ትኩሳቱ ከፍ ብሏል። የልጅቷ ፊት ግን ቡና ቤት የተቀመጠ ሰው ፊት ነው። ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ ከጆሮዋ ጀርባ አየችና ወደ ወላጆቿ ዞረች።

«ምን ላይ ነው ያለው?»

«እንግዳ» አለች ፌቨን።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ፌቨን ባሏን አየችው። ያብስራ «ከጠዋት» አለ።

«ያውርዱት። አሁኑኑ። የት ጋ እንዳመማት ካላወቅኩ ምን ላደርግላት ነው?»

ያብስራ ስልኩን አወጣ። አውጥቶም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ወደ በሩ ተራመደ።

«አንዴ፣ በሩን... በሩን ልዝጋውና...»

«ያውርዱት አልኩዎት!»

ፌቨን ከኋላው ደርሳ ስልኩን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችው። ወደ «ቤት» አልመለሰችውም። እስከ መጨረሻው ገፍታ አጠፋችው።

የናርዶስ ፈገግታ ከፊቷ ወደቀ። ከዚያ ጮኸች። ቃል አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ የታፈነ ነገር አንድ ላይ ወጣ። የራሷን የእጅ አንጓ ነከሰች፤ ጭንቅላቷን በመዳፏ መታች፤ ከዚያ እጇ ራሱ ሄዶ ከሆዷ በስተቀኝ፣ ወደ ታች፣ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ዶክተሯ ሌላ አልጠየቀችም። «ትርፍ አንጀት ነው፤ ፈንድቷል። ቀዶ ጥገና አዘጋጁ!» ብላ ወደ ኮሪደሩ ተጣራች። ለያብስራ ደግሞ፣ ሳትቆጣ፣ ሰዓት እንደሚነገር አድርጋ ነገረችው። «ይህ ሕመም ሰው አያስቀምጥም፤ ያስጮሃል። ብትጮህ ኖሮ ሳይፈነዳ ትደርስ ነበር።»

አልጋውን እየገፉ ሲወጡ ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው። በር ላይ የቆሙት ሁሉ ሰሙ። ያብስራ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አፈረ። መጀመሪያ፣ በለመደው መንገድ፣ ሰው ስለሰማ አፈረ። ወዲያው ደግሞ በዚህ ሰዓት እንኳን በዚህ በማፈሩ አፈረ፤ ይህኛው ግን አጥንት የሚሰብር ነበር።

አቶ ጉልላት መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። እርጅና ነው፤ ወለሉ ላይ ለመቀመጥ ግድግዳውን ይዘው ብዙ ታገሉ።

«እናውቅ ነበር» አሉ።

«ምን?»

«የትንሿን ልጅ ነገር። ጨዋ እንደገባላት። ኤልዳና ለናሆም ነግራዋለች፤ ናሆም ለእናት አባቱ፣ እነሱ ለእኛ። ማንም ቅር ያለው አልነበረም።»

ያብስራ ከጋቢው ውስጥ ቀና ብሎ አያቸው።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እናንተ ሳታነሱት እኛ ብናነሳው ነውር መሰለን። እንግዳ ሆነን መጥተን የቤታችሁን ገበና መጎርጎር መሰለን።» እጃቸውን አዩት። «ላቧን እኔም አይቼዋለሁ። እጇን ስይዛት ያቃጥል ነበር። ደህና ነኝ ስትለኝ ጊዜ ግን ደስ አለኝ። አስቡት፤ ደስ አለኝና አጎረስኳት። በዚህ በሆዷ!»

ሽማግሌው አለቀሱ። ያብስራ የጋቢውን ጫፍ ዘረጋላቸው። ከማን እንደደበቃት ማሰብ ጀመረ። ሳሎን የነበረው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ማዶ ኤልዳና ናሆም ትከሻ ላይ ተደፍታለች፤ ጠዋት ልትነግረው የነበረው ይኼንን ነው፤ አላስጨረሳትም።

ናርዶስ ተረፈች። ሰውነቷ ሁሉ ተመርዞ ነበር፤ ዶክተሯ ለቀናት «አሁን ምንም ልላችሁ አልችልም» ስትል ከርማ አንድ ጠዋት «ድናለች» አለቻቸው። ጨዋዋን ለቀዶ ጥገናው ሲሉ አውጥተውት ነበር፤ በትንሽ ብልቃጥ አድርገው ለፌቨን ሰጧት። የት እንዳደረገችው አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቃትም።

መጀመሪያ የገባችው ፌቨን ናት። ስትወጣ ዓይኗ አብጦ፣ ግን ቀለል ብሏት ነበር። ቀጥሎ ያብስራ ገባ።

ናርዶስ ትራስ ተደግፋ፣ ነፋስ የሚነካውን መጋረጃ ታያለች። እሱን አላየችውም። ዓይኗን እንድታሳየው የሚያደርግ ነገር አሁን የለም። አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሌሊቱን ሙሉ የሚለውን ሲያዘጋጅ ነበር ያደረው።

«ናርዲዬ፣ አይቼ ነበር» አላት። «ላብሽን አይቼ ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አፍሬ ነው። ባንቺ አፍሬ ነው። ይቅር በይኝ።»

መጋረጃው ከፍ አለ፣ ወረደ። ሰማችውም አልሰማችውም አይታወቅም። ፀጉሯን ሊዳብስ እጁን ዘረጋ። ናርዶስ ጭንቅላቷን ሳታዞር፣ አንጓውን በሁለት ጣቷ ያዘችና፣ የቆሸሸ ነገር እንደሚነሳ አድርጋ፣ ከራሷ አርቃ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጉሮሮዋ ከጩኸቱ ገና ሻክሮ ነበር።

«ሂድ» አለች።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህች ልጅ አፍ ስንት ቃል ሰምቷል! እንዴት አደርክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እሺ አባዬ፣ አትቸገሩ። ይህን ግን ማንም አልሞላላትም። የእሷ ነው። ደስታ ደረቱን ሞላው፤ ደስ ማለቱን ሲያውቀው ደግሞ አንገቱን ደፋ፤ ቃሉ የተባለው ለእሱ ነበርና። ተነሳ፤ ወንበሩን ድምፅ እንዳያሰማ አንስቶ ወደ ቦታው መለሰ፤ ወጣ፤ በሩን ዘጋ።

ፌቨን ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀው ነበር።

«ምን አለችህ?»

«ሂድ አለችኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ወጣሁ እኮ።»

ፌቨን በሩን አየችው። የላይኛው ግማሹ የደበዘዘ መስታወት ነበር።

«ራቅ በል» አለችው። «ጥላህ ይታያታል።»

ያብስራ ከበሩ ራቅ አለ።